ከፊልሙ በኋላ የቱ ኮሚክ ይነበብ? ከማርቭል እስከ ገለልተኞቹ ደራሲዎች

የማርቭልን ፊልሞች አንድ በአንድ አይቶ የጨረሰ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ታኖስ የትኛውን ድንጋይ ከማን እንደወሰደ፣ ከስፓይደርማን ተዋናዮች የቱ እንደሚበልጥ የሚከራከሩ ወጣቶች የትም አይጠፉም። ኮሚኩን ማንበብ ሲነሳ ግን ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል። «ደስ ይለኛል፣ ግን ከየት ነው የሚጀመረው?» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ባትማን ከ1939 ጀምሮ፣ ስፓይደርማን ደግሞ ከ1962 ጀምሮ ይታተማሉ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ስንትና ስንት ደራሲና ሠዓሊ ተፈራርቆባቸዋል። አንዱ የገነባውን ሌላው ያፈርሰዋል። የሞተው ይነሳል። ታሪኩ እንደገና «ከአንድ» ይጀምራል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ላንብብ ያለ ሰው ገና ብዙም ሳይሄድ ይደክመዋል።

ምርጫውን የሚያቀልል አንድ ምክር አለኝ። ጀግናውን ሳይሆን ደራሲውንና ሠዓሊውን ተከተሉ። «ጥሩ የባትማን ኮሚክ የቱ ነው?» ከማለት «ይህንን ማን ጻፈው? ማን ሣለው? ሌላስ ምን ሠርተዋል?» ማለት ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው።

ፊልሙ ወይስ ኮሚኩ?

ብዙ ሰው ፊልሙ የኮሚኩ አጭር ቅጂ ይመስለዋል። አይደለም። አንዳንዴ ከስም በቀር የሚጋሩት ነገር ጥቂት ነው።

ታኖስን እንውሰድ። በ2018ቱ የአቬንጀርስ ፊልም ግማሹን ፍጥረት የሚያጠፋው «ያለው ሀብት ለሁሉም አይበቃም» ብሎ ነው። ክፉ ቢሆንም ስሌት አለው። ታሪኩ መነሻ ያደረገው ኮሚክ በ1991 በስድስት ቁጥር (እትም) የወጣው «ኢንፊኒቲ ጋውንትሌት» ነው። ደራሲው ጂም ስታርሊን ይባላል። እዚያ ታኖስ ፍቅር ያሳበደው ፍጡር ነው። የሚወዳትም ሞት ራሷ ናት፤ በሴት አምሳል ትታያለች። ያን ሁሉ ሕይወት የሚያጠፋው እሷን ደስ ለማሰኘት ነው። እሷ ግን ፊት ትነሳዋለች። ግማሹን ፍጥረት ለማጥፋት ጣቱን ቀጭ የሚያደርግበት ቦታም ይለያያል። ፊልሙ ላይ ሁለት ሰዓት ከምናምን ጠብቀን፣ መጨረሻ ላይ ነው። ኮሚኩ ላይ ገና የመጀመሪያው ቁጥር ሲያልቅ ነው። ፊልሙ የጨረሰበት ቦታ ለኮሚኩ መነሻው ነው ማለት ነው።

«ሲቪል ዋር»ም እንደዚሁ ነው። ከ2006 እስከ 2007 በሰባት ቁጥር የወጣው ኮሚክ ላይ ስፓይደርማን በጋዜጠኞች ፊት ጭምብሉን አውልቆ ስሙን ይናገራል። ለዓመታት የደበቀውን ነገር በአንድ ቀን ያጣል። አንባቢ የደነገጠው በዚያ ነው። በ2016ቱ ፊልም ላይ ግን ስፓይደርማን ገና ከትምህርት ቤት የተመለመለ ልጅ ነው። የሚያጣው ስም ገና አላተረፈም። ኮሚኩ ላይ ያሉት ኤክስ ሜንና ፋንታስቲክ ፎር የሚባሉት የጀግና ቡድኖች ደግሞ ፊልሙ ላይ ከነጭራሹ የሉም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የመብት ጉዳይ ነው። ማርቭል በ1990ዎቹ ገንዘብ አጥሮት ነበር፤ በ1996 እስከ መክሰር ደርሷል። በዚያ ዘመን የጀግኖቹን የፊልም መብት ለተለያዩ ስቱዲዮዎች በታትኖ ሸጠ። ስፓይደርማን ሶኒ ጋ ሄደ፤ ኤክስ ሜን ፎክስ ጋ። ማርቭል ራሱ ፊልም መሥራት ሲጀምርና በ2008 አይረን ማንን ሲያወጣ እጁ ላይ የቀሩት ሁለተኛ ደረጃ የሚባሉት ጀግኖች ነበሩ። ዲዝኒ ማርቭልን በ2009 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ፎክስን የጠቀለለው ግን በ2019 ነው። ስለዚህ «ለምን እንደ ኮሚኩ አልሠሩትም?» ብላችሁ ስትናደዱ መልሱ አንዳንዴ ከጥበብ ይልቅ ከውል ወረቀት ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ሁሉ ፊልሙን አያሳንሰውም። የተዋናዩን ፊት፣ ሙዚቃውን፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ አብሮ መጮሁን ኮሚክ አይሰጣችሁም። ኮሚክ ብቻ የሚያደርገውን ነገር በቅርብ ለማየት ግን «ዋችመን»ን ክፈቱ። ከ1986 እስከ 1987 በ12 ቁጥር ወጣ፤ ደራሲው አለን ሙር፣ ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ ናቸው። አራተኛው ክፍል ላይ ዶክተር ማንሃተን የሚባለው ሰማያዊ ሰው ማርስ ላይ ብቻውን ነው። እጁ ላይ የድሮ ፎቶግራፍ ይዟል። በሚቀጥለው ሳጥን፣ ማለትም በሚቀጥለው የሥዕል ክፍል፣ ፎቶው አሸዋው ላይ ወድቋል። በሦስተኛው ሳጥን ተመልሶ እጁ ላይ ነው። ለዚህ ሰው ያለፈውም የሚመጣውም ሁሉ አሁን ነው። ሦስቱ ሳጥኖች አንድ ገጽ ላይ ስለተደረደሩ የእናንተም ዓይን ሦስቱን ጊዜ ባንዴ ያያል። ለአፍታ እንደ ማንሃተን ታያላችሁ። በ2009 የወጣው ፊልም ይህን ትዕይንት በትጋት ሞክሮታል። ግን ፊልም አንዱን ምስል ሳያነሳ ሌላውን አያመጣም። አለን ሙር በበኩሉ ስሙ ፊልሙ ላይ እንዳይጻፍ አድርጓል።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። «ዋችመን»ን ፊልሙን ሳታዩ አንብቡ። የካፒቴን አሜሪካን ታሪክ «ዊንተር ሶልጀር»ን ግን ፊልሙን አይታችሁ ኮሚኩን ብታነቡ ምንም አይቀርባችሁም፤ ሁለቱም በየፊናቸው ግሩም ናቸው። ማንበብ ጨርሶ የማይሆንላችሁ ከሆነና የኮሚክን ጣዕም የሚያቀምስ ፊልም ከፈለጋችሁ፣ በ2018 የወጣውን የማይልስ ሞራሌስን የስፓይደርማን አኒሜሽን እዩ። የድሮ ማተሚያ ቤት የቀለም ነጠብጣብ፣ ሳጥኖቹ፣ በአየር ላይ የሚጻፈው ድምፅ ሁሉ አሉበት። ኦስካርም አግኝቷል። እንደ እኔ ከሆነ ከልዕለ ጀግና ፊልሞች ሁሉ ኮሚክን ከልቡ የወደደ እሱ ነው።

ትልቁ ቤት ወይስ ገለልተኛው?

ትልቁ ቤት ስል እንደ ማርቭል ያለውን አሳታሚ፣ ገለልተኛ ስል ደግሞ ሥራው የራሱ ንብረት የሆነውን ደራሲ ማለቴ ነው። ይህን ምርጫ ለመረዳት የገንዘቡን ታሪክ ማወቅ ግድ ነው።

ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ሱፐርማንን ፈጠሩ። መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት። በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ላይ ወጣ፤ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ከዚያ የመጀመሪያ እትም አንዱ ቅጂ በ2014 ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ፈጣሪዎቹ ግን ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰው፣ ተቸግረው፣ በ1975 ነው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ጡረታና ስማቸው እንዲጻፍ የተፈቀደላቸው። ያውም ትልቁ የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ ሲል፣ ነገሩ በየጋዜጣው ከወጣ በኋላ።

የባትማን ታሪክ ከዚህ ይብሳል። ለረጅም ጊዜ ፈጣሪ ተብሎ የተጻፈው ቦብ ኬን ብቻ ነበር። የልብሱን መልክ የቀየሰውና ጎተም ለሚባለው ከተማ ስም ያወጣው ቢል ፊንገር በ1974 ሲሞት ስሙ እንደ ፈጣሪ የትም አልተጻፈም ነበር። ስሙ ከቦብ ኬን ስም ጎን መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

በ1992 ሰባት ሠዓሊዎች ይህን አካሄድ አንቀበልም ብለው ወጡ። በዚያን ጊዜ የማርቭል ገበያ በእነሱ እጅ ነበር ማለት ይቻላል። ከእነሱ መካከል ቶድ ማክፋርሌን፣ ጂም ሊ እና ሮብ ላይፌልድ ነበሩ። ኢሜጅ ኮሚክስን መሠረቱ። ደንቡ ቀላል ነው፤ የፈጠረ ሰው የፈጠረው የራሱ ነው። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ከዚያ ወጣ። «ኢንቪንሲብል» ከዚያ ወጣ። «ሳጋ»ም ከዚያ ነው።

ከዚያ በፊትም ቢሆን በራሳቸው ያሳተሙ ነበሩ። ኬቪን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ በ1984 ኒንጃ ኤሊዎቹን ያወጡት በራሳቸው ገንዘብና ከዘመድ በተበደሩት ነው። 3,000 ቅጂ ገደማ፣ ጥቁርና ነጭ። ልጅ ሆነን በቴሌቪዥን ያየናቸው እነዚያ ኤሊዎች ከዚያች ቀጭን መጽሔት የወጡ ናቸው።

ለአንባቢ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዋናው መጨረሻ ያለውና የሌለው መሆኑ ነው። ባትማን ማለቅ አይችልም። ቢሞትም ይመለሳል፤ ፊልሙ፣ አሻንጉሊቱ፣ ቲሸርቱ ይጠብቁታል። ስለዚህ ጥሩ ደራሲ እጅ ሲገባ ያምራል፤ ደራሲው ሲለቅ ይበላሻል። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ግን በ2003 ጀምሮ በ2019 በቁጥር 193 አለቀ። ደራሲው ሮበርት ከርክማን ቀድሞ እንኳ አላስታወቀም፤ አንባቢ ገልጦ ሲያይ ታሪኩ አልቋል። ያንን ማድረግ የሚችለው ንብረቱ የራሱ የሆነ ሰው ነው። «ኢንቪንሲብል»ም በ144 ቁጥር በ2018 ተጠናቋል። ልዕለ ጀግና ወዳችሁ ታሪኩ ግን ዳር እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ የምጠቁማችሁ የለኝም።

ገለልተኛው ችግር የለውም ማለት አይደለም። ከጀርባው ትልቅ ቤት ስለሌለ ደራሲው ሲደክመው ሥራው ይቆማል። «ሳጋ» ከ2018 እስከ 2022 ተቋርጦ አንባቢውን ባጓጊ ቦታ ላይ አንጠልጥሎ ትቶታል። አንዳንዱ ደግሞ ጀምሮ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ለዚህ መድኃኒቱ ያለቀውን መምረጥ ነው።

ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ደራሲው ነው። «ዊንተር ሶልጀር»ን የጻፈው ኤድ ብሩቤከር ነው። ለሞተው የካፒቴን አሜሪካ ጓደኛ አዲስ ሕይወት ሰጥቶ በ2005 የጻፈው ታሪክ ለማርቭል ቢሊዮኖች ያመጡ ፊልሞች ውስጥ ገብቷል። እሱ ግን ከፊልሞቹ የደረሰው ገንዘብ ከምንም እንደማይቆጠር በግልጽ ተናግሯል። ዛሬ ከሠዓሊው ሾን ፊሊፕስ ጋር በኢሜጅ በኩል የራሱን የወንጀል ታሪኮች ያወጣል። ፊልሙን ወዳችሁ ኮሚኩን ካነበባችሁ ቀጣዩ ሌላ የካፒቴን አሜሪካ ኮሚክ አይሁን። የብሩቤከርን «ክሪሚናል» ያዙ። ጭምብል የለም፤ ሌቦች፣ ዕዳ፣ ቂም አለ። የጽሑፉን ቃና ወዲያው ትለዩታላችሁ።

አንድ ጀግና በተለያየ እጅ፦ ብላክ ፓንተር

ምክሬን በአንድ ጀግና ላይ ላሳያችሁ። ብላክ ፓንተርን የመረጥኩት አብዛኛው አንባቢ ፊልሙን ስላየው ነው።

የመጀመሪያው በ1966 በስታን ሊና በጃክ ከርቢ እጅ በፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 52 ወጣ። ንጉሡ ብላክ ፓንተር አራቱን ጀግኖች ወደ አገሩ ወደ ዋካንዳ ጋብዞ አንድ በአንድ እንደ አውሬ እያሳደደ ያጠምዳቸዋል። የከርቢ ሥዕል፣ ብረት የሆነው ጫካ በተለይ፣ ዛሬም ዓይን ይይዛል። የሰዎቹ አነጋገር ግን አርጅቷል። ለታሪክ ካልሆነ መነሻ አታድርጉት።

ዶን ማክግሪገር በ1973 ሲረከበው ነጮቹን እንግዶች አስወጥቶ ታሪኩን ዋካንዳ ውስጥ ብቻ አደረገው። የንጉሡን ባላንጣ ኪልሞንገርን የፈጠረው እሱ ነው። ቢሊ ግራሃም የሚባል ጥቁር ሠዓሊ አብሮት ሠርቷል። ጽሑፉ ይበዛዋል፤ ትዕግሥት ላለው አንባቢ ነው።

በ1998 ክሪስቶፈር ፕሪስት ጻፈው። ዶራ ሚላጄ የሚባሉት ሴት ጠባቂዎችና ኤቨረት ሮስ የመጡት ከእሱ ነው። ታሪኩን የሚተርከው ሮስ ነው፤ ግራ የተጋባ አሜሪካዊ ባለሥልጣን። ንጉሡ ምን እያሰበ እንደሆነ ሮስም አንባቢም አያውቁም። ከሁሉም የፊልሙን ፖለቲካዊ ጨዋታ የወደደ ሰው በዚህ ይጀምር። አስቂኝም ነው። የንጉሡ እህት ሹሪ የመጣችው ደግሞ በ2005 በሬጂናልድ ሃድሊን ዘመን ነው።

በ2016 ታነሂሲ ኮትስ ያዘው፤ ሠዓሊው ብራያን ስቴልፍሪዝ ነበር። ኮትስ የጠየቀው ሌላው የዘለለውን ነው። በሥልጣኔ ከዓለም የቀደመ አገር እስከ ዛሬ ለምን በንጉሥ ይተዳደራል? ሕዝቡ ሲያምጽ ደግ ንጉሥ ምን ያደርጋል? ባዕድ ያልገዛው አገር፣ በታሪኩ የሚኮራ፣ ከውስጥ ሲናጥ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ልብወለድ ብቻ አይሆንም። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ ድብድብ ለሚጠብቅ ይከብዳል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምመክረው እሱን ነው።

የ2018ቱ ፊልም ከሁሉም ወስዷል። ኪልሞንገርን ከማክግሪገር፣ ዶራ ሚላጄንና ሮስን ከፕሪስት፣ ሹሪን ከሃድሊን። የራሱንም ጨምሯል። የወንዙ ጎሣ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ያደረገው ሸክላ ከኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች፣ ከሙርሲና ከሱሪ ባህል የተወሰደ ነው። ለልብሱ ሩት ካርተር ኦስካር አግኝታበታለች። ፊልሙ በድምሩ ሦስት ኦስካር ወስዷል። የትኛው ይሻላል ካላችሁ፣ በአንድ ምሽት ሁሉንም ለመቅመስ ፊልሙ፤ አንዱን ሐሳብ እስከ ታች ለመከታተል ኮትስ።

ጭምብል ለማይወዱ

ጭምብልና ካባ ከነጭራሹ የማይስባችሁ ከሆነ ኮሚክን አትተዉት። በጣም ጥሩ የሚባሉት ሥራዎች እንዲያውም ከዚያ ሰፈር ውጭ ናቸው።

የአርት ስፒገልማን «ማውስ» በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አግኝቷል። አባቱ በኦሽዊትዝ፣ በናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ያለፈበት ታሪክ ነው። አይሁዶቹን እንደ አይጥ፣ ጀርመኖቹን እንደ ድመት ሥሏቸዋል። አንድ ቦታ አባትየው በእርጅናው የሚውጣቸውን ክኒኖች ጠረጴዛ ላይ እየቆጠረ ያወራል። ወሬው ሲያስቆጣው ክኒኑ ይደፋል፤ ልጁን ይቆጣዋል። ያ ሁሉ መከራ ሰውየውን ቅዱስ አላደረገውም። ነጭናጫ፣ ቆጣቢ፣ አስቸጋሪ ሽማግሌ ነው። መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ይህ ሐቀኝነት ነው።

የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሰፖሊስ» በ2000 ፈረንሳይ ውስጥ መውጣት ጀመረ። የኢራንን አብዮት በሕፃን ዓይን ያሳያል። ወላጆቿ በ14 ዓመቷ ብቻዋን ወደ ቪየና ይልኳታል። የመጀመሪያው ክፍል የመጨረሻ ሥዕል አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ልጅቱ በመስታወቱ ዞር ብላ ስታይ እናቷ ራሷን ስታ አባቷ ተሸክሟታል። ቦሌ ላይ ሰው ሸኝቶ የሚያውቅ፣ ወይም የአብዮቱን ዘመን ከወላጆቹ አፍ የሰማ ሰው ይህን ገጽ ቶሎ አይገልጠውም። ከሁሉም መጻሕፍት አንድ ብቻ ግዙ ብባል ይህንን እላለሁ። በ2007 ራሷ አብራ ያዘጋጀችው አኒሜሽን ፊልምም አለ። ጥቁርና ነጩን በአብዛኛው ጠብቋል፤ መጽሐፉን ላነበበ አያስከፋም።

ከአፍሪካ ደግሞ «አያ» አለች። ደራሲዋ ማርገሪት አቡዌ የኮትዲቯር ተወላጅ ናት። በ1970ዎቹ አቢጃን ውስጥ ያሉ ወጣት ሴቶች፣ ፍቅር፣ ሐሜት፣ ሙዚቃ። ጦርነትም ረሃብም የለም። ስለ አፍሪካ የሚያሳዝን ነገር ብቻ ማንበብ ለሰለቸው ሰው እረፍት ነው።

ስለ ማንጋ፣ ማለትም ስለ ጃፓን ኮሚክ፣ አላስረዝምም፤ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) የሚያይ ወጣት ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ለምርጫው የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ማንጋ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንድ ደራሲ ነው። ስለዚህ «ከየት ልጀምር?» የሚባል ነገር የለም። ከቅጽ 1 ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ሁለት ምዕራፍ ላይ ትለምዱታላችሁ። «ዋን ፒስ» ከ1997 ጀምሮ ስላላለቀ ጊዜ ለሌለው ሰው አይሆንም። አጠር ያለና ያለቀ ፈልጉ።

የእኛዎቹ

አገራችን ለሥዕል ትረካ እንግዳ አይደለችም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ የሚተርከውን ሥዕል አስቡት። ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን ተከፋፍሎ፣ ከዘንዶው ጀምሮ፣ ከየሳጥኑ ጋር አጭር ጽሑፍ ይዞ፣ በቅደም ተከተል ይነበባል።

ዘመናዊ ልዕለ ጀግና ኮሚክን በተመለከተ መታወቅ ያለበት ኢታን ኮሚክስ ነው። መሥራቹ ብስራት ደበበ ነው። በ2018 «ጀምበር»ን አወጣ። ዋናው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። መነሻው ይህ መሆኑ በጣም ተስማምቶኛል፤ ሰርተፊኬት ይዞ የሚንከራተት ልጅ ከማንም ባዕድ ጀግና ይልቅ እዚህ ይታወቃል። ቀጥሎ ሴት ጀግና የሆነችው «ሃዊ» መጣች። ከማርቭል ጋር አታወዳድሯቸው። ማርቭል ከኋላው የብዙ ዐሥርት ዓመታት ልምድና የዲዝኒ ገንዘብ አለው። ማወዳደር ያለባችሁ በ1984 ሁለት ልጆች ካወጡት የኤሊዎች መጽሔት ጋር ነው። እንደዚያ ሲታይ ገና ጅምሩ ጥሩ ነው። «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም መገኘቱም ቀላል ነገር አይደለም።

ማርቭልም በ2018 ከአቤል ተስፋዬ፣ ማለትም ከዘ ዊክንድ ጋር «ስታርቦይ» የሚባል ኮሚክ አውጥቷል። ለአድናቂዎቹ ማስታወሻ ይሆናል። ኢትዮጵያን ፍለጋ ለሚያነብ ግን «ጀምበር» ነው።

በምን መልክ? የትስ ይገኛል?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ቁጥር 4 ወይም 5 ዶላር ገደማ ነው። ውስጡ ያለው ታሪክ ከ20 እስከ 22 ገጽ ነው፤ አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ ያልቃል። አምስት ስድስት ቁጥር የያዘ ጥራዝ ከ15 እስከ 20 ዶላር ይሸጣል። ለጀማሪ ያለ ክርክር ጥራዝ ይሻላል። ነጠላ ቁጥር የሚጣፍጠው በየሳምንቱ ረቡዕ ወደ ሱቅ ብቅ ብሎ ከሰው ጋር ለሚያወራ፣ ቀጣዩን ለሚጠብቅ ሰው ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡ። በሊቢና በሁፕላ መተግበሪያዎች ብዙ ጥራዝ በነፃ ትዋሳላችሁ፤ ሊቢም ሆነ ሁፕላ የሚሠሩት ቤተ መጻሕፍታችሁ ከተመዘገበ ነው። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ዕድል አለው። ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ የሚባለው የገለልተኞች ትርኢት ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያው ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ አካባቢ ነው። ሳንዲያጎ ኮሚክ ኮን ላይ የምታዩት የፊልም ኮከብ እዚያ የለም። ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ራሱ የሣለው ሰው ነው። መጽሐፉን ከእጁ ትገዛላችሁ፣ ትጠይቁታላችሁ። ኮሚክ ሰው የሠራው መሆኑን ለልጆች ለማሳየት ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም።

ኢትዮጵያ ላለን ሰዎች ነገሩ ጠበብ ይላል። ማርቭል አንሊሚትድ የሚባለው የማርቭል ኮሚክ ማንበቢያ መተግበሪያ ከ30 ሺህ በላይ ቁጥር አለው፤ አዲሶቹ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይገቡበታል። የሚከፈለው ግን በዶላር ካርድ ነው። ያ ካልተቻለ ማንጋ ፕላስ የሚባለው መተግበሪያ የብዙ ማንጋ የመጀመሪያዎቹንና አዲስ የወጡትን ምዕራፎች በነፃ ያስነብባል። ዌብቱንም በነፃ የሚነበብ ብዙ አለው፤ ወደ ታች እየተሳበ እንዲነበብ ስለሚሠራ ለስልክ ይመቻል። የወረቀት ኮሚክ ግን በስልክ አይነበብም ባይባልም ይጎዳል። ሁለት ገጽ ሙሉ የተሣለ ሥዕል በመዳፍ ልክ ሲታይ ግማሽ ሥራው ይጠፋል። ታብሌት ይሻላል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ በአንድ ጥራዝ የሚያልቅ ነገር አስልኩ። ሻንጣው ውስን ነው፤ «ዋችመን»፣ «ፐርሰፖሊስ»፣ «ማውስ» ሦስቱም በአንድ በአንድ ጥራዝ ተጠቃለው ይገኛሉ። ቅጽ 1 ብቻ አስመጥቶ ቅጽ 2ን ዓመት መጠበቅ ያበሽቃል።

ለልጅ ሲመረጥ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ወላጅ የተሣለ ነገር ሲያይ «ካርቱን ነው» ብሎ ያልፋል። ከኮሚኩ የተሠራው የ«ኢንቪንሲብል» ተከታታይ ፊልም አኒሜሽን ነው፤ ጀግናው የትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ቀለሙ ደማቅ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ላይ ያለው ግድያ ግን ትልቅ ሰውን ያስደነግጣል። «ዘ ቦይስ» የሚባለው ሌላው የልዕለ ጀግና ታሪክ ከዚያም ይብሳል። «ዋችመን» ውስጥ የመደፈር ትዕይንት አለ። ሽፋኑ ላይ ያለው ካባ ስለ ይዘቱ ምንም አይነግራችሁም። ሽፋኑ ጀርባ የተጻፈውን የዕድሜ ደረጃ እዩ፤ ካልተጻፈ ራሳችሁ ቀድማችሁ አገላብጡት።

ከስምንት ዘጠኝ ዓመት ላለፈ ልጅ የምመርጠው የጄፍ ስሚዝ «ቦን» ነው። ከ1991 እስከ 2004 አብዛኛውን በራሱ አሳትሞ በ55 ቁጥር ጨረሰው። ሦስት ነጫጭ የአጎት ልጆች፣ ዘንዶ፣ ላሞቿን እየቀደመች የምትሮጥ አያት። መጀመሪያ ያስቃል፤ እየቆየ ይከብዳል፤ ልጁም አብሮ ያድጋል። በቀለም የወጣው ቅጽ 1 ለመጀመር ይበቃል።

አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ ለሚከብዳቸው ውጭ ላደጉ ልጆች ደግሞ «ጀምበር»ን በሁለቱም ቋንቋ ግዙላቸው። ሥዕሉ አንድ ስለሆነ እንግሊዝኛውን አጠገብ አድርገው አማርኛውን ፊደል በፊደል መከተል ይችላሉ። ቃሉ ሲጠፋቸው ሥዕሉ ይነግራቸዋል። ሥዕሉም ካልነገራቸው ወላጅ አጠገባቸው ይሁን።